የቀለም ሥራ

በቋንቋችን ቀለም የሚለው ቃል መልክንም፣ የጽሕፈት ቀለምንም፣ ትምህርትንም ያመለክታል፤ አንዱን ተማሪ «ቀለም ይገባዋል» ስንል አእምሮውን ማመስገናችን ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤት በሰሌዳው፣ በደብዳቤው ራስጌና በመኪናው ላይ የሚያኖረው ቀለም ጌጥ ብቻ ሳይሆን፣ እንደ ፊደል የሚነበብ ነገር ነው።

ይህንንም የጥንት ጸሐፊዎቻችን በሚገባ ያውቁት ነበር። በብራና መጻሕፍት ዋናው ቃል በጥቁር ሲጻፍ፣ የአምላክ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል። ቀዩ በአንዱ ብራና የደመቀ፣ በሌላው ወደ ቡናማነት ያዘነበለ ነው። ሆኖም የተሰጠው ሥራ ስላልተለወጠ አንባቢው አይሳሳትም።

በዓለም መንግሥታት ስምምነትም ይኸው ሥርዓት ይታያል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1864 በጄኔቭ በተደረገው ውል፣ በነጭ መደብ ላይ ያለ ቀይ መስቀል የቁስለኞችና የሐኪሞች መጠበቂያ ምልክት ሆነ። ምልክቱ የስዊስን ሰንደቅ ዓላማ ቀለሞች ገልብጦ የተሠራ ነው። ስለ ቀዩ ድምቀት ውሉ ልክ አላበጀም፤ ማን ሊይዘው እንደሚገባ ግን አጥብቆ ወስኗል። የዚህም ምክንያት በአገራችን ታይቷል። በእኛ አቈጣጠር በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ በቦምብ ሲደበድቡ፣ ኢጣልያ ካቀረበቻቸው ማመካኛዎች አንዱ «ምልክቱ ያለ ቦታው ይውላል» የሚል ነበር። እንግዲህ መድኃኒት ሻጭ ያንን መስቀል ለንግዱ በበሩ ላይ ሲቀባ፣ ጥፋቱ ትንሽ መስሎ ቢታይም፣ ለእንዲህ ያለው ማመካኛ መንገድ ይጠርጋል።

ዛሬ ስለ መሥሪያ ቤት መታወቂያ የሚመክሩ ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ ሐሳባቸውን ሁሉ በቀለሙ ቍጥርና ናሙና ላይ ያሳርፋሉ። አንዱ አረንጓዴ በወረቀት፣ በጨርቅ፣ በቆርቆሮና በኮምፒውተር መስኮት ላይ እየተለያየ ስለሚታይ፣ ናሙናው በእርግጥ ይጠቅማል። ነገር ግን ያው ቀለም ዛሬ ለማስጠንቀቂያ፣ ነገ ለበዓል ማስጌጫ፣ ከነገ ወዲያም አዲሱ ሹም ስለ ወደደው ለአጥር የሚውል ከሆነ፣ ናሙናው ቢመሳሰል ምን ይፈይዳል? በዚህ የሚጎዳው ከሁሉ ይልቅ ከሩቅ የመጣው፣ ፊደል ያልቈጠረው ባለጉዳይ ነው፤ እርሱ መስኮቱን የሚለየው በቀለሙ ነውና።

ስለዚህ መሥሪያ ቤት ቀለሙን ከመምረጡ አስቀድሞ የቀለሙን ሥራ ይወስን፤ ከወሰነም በኋላ ለሌላ ነገር እንዳይውል ይጠብቀው። ድምቀቱ ጥቂት ቢዛነፍ ሕዝቡ ይታገሣል፤ ትርጉሙ ሲዛነፍ ግን ቀለሙን ማመን ይተዋል።