«ጅብ ሆነ» ወይስ «ተለወጠ»? ስለ ገላ መለወጥ ስያሜዎች የቀረበ ሒስ

በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ገጸ ባሕርይ እየወከሉ የሚጫወቱትን ጨዋታ ደንብ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ፣ ሰው አውሬ የሚሆንበትን አስማት ሲሰይም መቸገሩ አይቀርም። የዚህ ዓይነት ጨዋታ ቀዳሚ የሆነውና እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በ2014ቱ እትሙ ሁለት አስማቶችን ይለያል። በአንደኛው ድሩይድ የተባለው የዱር አስማተኛ ራሱ አውሬ ይሆናል፤ አእምሮው ግን የራሱ ነው። በሁለተኛው አስማተኛው ሌላውን አውሬ ያደርገዋል፤ የተደረገበትም ሰው ጠባዩ ባይለወጥም የማሰብ ችሎታው የአውሬው ይሆናል።

ለዚህ ፈጥነው የሚታሰቡት ቃላት «ምትሐት»ና «ውላጤ» ናቸው። ሁለቱም በዲማና በደብረ ኤልያስ ጉባኤ ቤቶች ትርጉማቸው ተለይቶ የታወቀ ነው። ምትሐት ለዓይን ብቻ የሚታይ፣ እውነተኛ አካል የሌለው ነገር ነው። ውላጤ፣ የአማርኛው «ለወጠ» ከሚዛመደው ከግእዙ «ወለጠ» የወጣ ሲሆን፣ የቀድሞው ባሕርይ ጠፍቶ ሌላ መሆን ነው፤ ሊቃውንቱ ምሥጢረ ሥጋዌን ሲያስተምሩ «ያለ ውላጤ» የሚሉትም ስለዚህ ነው።

ከነዚህ አንዱ ይስማማ እንደ ሆነ ለመመርመር በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ደጋ ስለ ጅብ የሚነገረውን መመልከት ይበቃል። ሌሊት ጅብ ሆኖ የወጣ ሰው በዱላ ቢመታ፣ በማግሥቱ ሲያነክስ ይገኛል ይባላል። ቁስሉ ከሰውየው ጋር ስለሚቀር ነገሩ ምትሐት አይደለም። ጅቡ ቢገደል ደግሞ በጆሮው ጉትቻ ይገኛል ይባላል፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ በአገራችን የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስም ስለ እንዲህ ያሉ ጅቦች ጽፏል። ጉትቻው የሰውየው ማንነት አለመጥፋቱን ስለሚመሰክር ነገሩ ውላጤም አይደለም። የጨዋታው ደንብ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ ልብስና ጌጥ ወዴት ይገባል? ጉዳቱስ ወደ ሰውነቱ ይሻገራልን? በደንቡ መሠረት የሚሻገረው አውሬው ከሚችለው የተረፈው ጉዳት ብቻ ነው፤ በተረቱ ግን ቁስሉ ሁሉ ይሻገራል።

ስለሆነም መልሱ የሚገኘው በአማርኛው ግሥ ውስጥ ነው። ባላገር «ጅብ ሆኖ ወጣ» ሲል የ«ወጣ» ባለቤት ያው ሰውየው ነው፤ «ሆኖ» ሁኔታውን እንጂ ማንነቱን አይነካም። ለድሩይዱ «አውሬ ሆነ»፣ ስሙም «ገላ መለወጥ» ቢባል ይስማማል። ለሁለተኛው አስማት ግን አድራጊና ተደራጊ ስላሉት «አውሬ አደረገ» ማለት ይገባል። ሁለቱን በ«ተለወጠ» መጠቅለል ደንቡ የለየውን መልሶ ማደባለቅ ነው።

የቀረው «ቡዳ» የሚለው ቃል ነው። ለአገሬው አንባቢ የቀረበ ቢመስልም ቃሉ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ሸማኔው ሲገለሉበት የኖረ ስድብ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ አልጠፋም። ተርጓሚ ይህን ቃል የአስማት ስያሜ ቢያደርገው በሕያዋን ሰዎች ላይ የተጫነውን ክስ በደንብ መጽሐፍ ያጸድቃል። ቃል ቀርቦ ስለ ተገኘ ብቻ አይወሰድም፤ በማን ላይ እንደሚወድቅም መታየት አለበት።