የመከር ሥዕል መቅዳትና የመተማ ሰሊጥ

በአዲስ አበባ የሥዕል መሸጫ ሱቆች ለብዙ ዘመን ሲሸጡ ከኖሩት የሕዝብ ሥዕሎች አንዱ የመከር ሥዕል ነው። ጎንበስ ብለው ጤፍ የሚያጭዱ ገበሬዎች፥ የታሰረ ነዶ፥ በዐውድማ ላይ የሚዞሩ በሬዎች፥ ገለባውን በመንሽ ለነፋስ የሚሰጥ ሰው፥ ከዳር ጠላ የያዘች ሴት ይታዩበታል። ሠዓልያኑ አንዱ ከሌላው እየቀዱ ስለ ተማሩ አንዱን ያየ ሰው ሁሉንም ያየ ይመስለዋል።

መቅዳትን እንደ ነውር የሚቈጥሩ ተቺዎች አሉ፤ የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ ግን ከእነርሱ ጋር አይስማማም። የጎንደር ዘመን ሠዓልያን በ1591 እ.ኤ.አ. በሮማ በታተመው የዐረብኛ ወንጌል ውስጥ ያሉትን የአንቶኒዮ ቴምፔስታን ሥዕሎች ቀድተዋል። ሲቀዱም በጭረት የተሠራውን ጥላ ትተው በጠራ መስመርና በደማቅ ቀለም ስለ ለወጡት፥ ቅጂው የጎንደር ሥዕል ሆነ እንጂ የሮማ ሥዕል ሆኖ አልቀረም። ሆላንዳዊው ቫን ጎግም በ1880 እ.ኤ.አ. ሥዕል መማር ሲጀምር የፈረንሳዊውን የሚሌን የእርሻ ሥራ ሥዕሎች ከኅትመት ቀድቷል። በ1889 እ.ኤ.አ. ደግሞ፥ ስሙ ገና ሳይገን ነገር ግን እጁ ከበሰለ በኋላ፥ ወደ እነዚያው ጥቁርና ነጭ ኅትመቶች ተመልሶ አጫጁንና ነዶ አሳሪዋን በራሱ ቀለም ሠራቸው። መቅዳት የጀማሪ ሥራ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

እንግዲህ ነቀፋው በመቅዳቱ ላይ ሳይሆን ቀጂው ከቅጂው በኋላ ወዴት እንደሚመለከት ነው። ለዚህ መተማን ምሳሌ እናድርግ። በሥዕል ዘንድ መተማ የምትታወቀው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በወደቁበት በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ጦርነት ነው፤ መከሯን ግን የሚሥላት ጥቂት ነው። በገንዳ ውሃ ወይም በሽንፋ የሚኖር አንድ ወጣት የደጋውን ሥዕል ቢቀዳ፥ እጁ መስመርን ይለምዳል፤ ዓይኑ ግን በደጁ የሌለውን ዐውድማ ያያል። በቈላው ሰሊጥ ፍሬው ተከፍቶ ሳይረግፍ ይታጨዳል፤ በየነዶው ታስሮ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ ይቆማል፤ ሲደርቅም ተገልብጦ በሸራ ላይ ይራገፋል። የሚዞር በሬ የለም።

ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። በደጋው ሥዕል ክብ የሆነው ዐውድማ የሥዕሉ እምብርት ነው፤ ሰዎቹ ሁሉ የሚሰለፉት በእርሱ ዙሪያ ነው። ክቡ ሲወጣ ሥዕሉን ምን ይያዘው? ሜዳው ጠፍጣፋ፥ የቆመው ነዶ በረድፍ በረድፍ ነው። ደግሞም በደጋው ሥዕል የምናየው ቤተሰብና ደቦ ሲሆን በመተማ ሰሊጥ እርሻ የሚያጭደው ብዙውን ጊዜ ከጎንደር ደጋ፥ ከጎጃምና ከወሎ የወረደ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ጠላ የያዘች ሴት በዳር አትቆምለትም። በሕዝብ ሥዕል ልማድ ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፥ ጠላት በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል፤ በዚህም ምክንያት በቀዳናቸው የመከር ሥዕሎች አጫጁ ወገቡን አጉብጦ ፊቱን ወደ እኛ ያዞራል። (በእውነት እንዲህ የሚያጭድ ቢኖር ጣቱን ይቈርጥ ነበር።) ለክፍያ ጎንበስ ያለው ሠራተኛ እንዴት ይሣል? በዚህ ልማድ የተዘጋጀ መልስ አይገኝም።

የሕዝብን ኑሮ የምናጠና ሰዎችም ከዚህ የምንጠነቀቀው አለ። ሥዕልን ለእርሻ መሣሪያ ምስክር አድርገን ስንጠራ፥ ሠዓሊው ያየውን ነው ወይስ የቀዳውን የነገረን ብለን አስቀድመን መጠየቅ ይገባናል። ከቈላ የመጣ ሥዕል በሬና ዐውድማ ስላሳየን ብቻ ሰሊጥ በበሬ ይበራያል ብንል ስሕተቱ የሠዓሊው ሳይሆን የእኛ ነው።

አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪውን ከሕያው አካል ፊት አስቀምጦ ማሣሉ የራሱ ጥቅም አለው። ይሁን እንጂ ለቈላው ወጣት መጀመሪያ የደጋውን ሥዕል በጥንቃቄ መቅዳት፥ ቀጥሎም ያንኑ ወረቀት ይዞ በጥቅምት ወደ ሰሊጡ ማሳ መውረድ የተሻለ ይመስለኛል። የተማረው መስመር አልሠራ የሚልበትን ስፍራ፥ ይኸውም የቆመውን ነዶና የተገለበጠውን ሸራ፥ በዚያው ወረቀት ጀርባ ይሣለው።