ሽምግልናው ከመድረሱ በፊት



በቅርቡ ሁለተኛ ደረጃ የሚማረው ልጄ ለፈተና ሲያጠና ደብተሩን ተቀብዬ አየሁት። ርእሱ «ሆን ተብለው የሚደርሱ ጉዳቶች» ይላል። ከሥሩ ትርጉሙ፣ ዓይነቱ፣ መንሥኤውና መከላከያው በየተራ ተጽፈዋል። ጠየቅሁት፤ አንዱንም ሳይስት መለሰልኝ። ቀጥዬ፣ «ጓደኛህ ነገ አንዱን ልጅ መንገድ ላይ ጠብቄ እመታዋለሁ ቢልህ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት። ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየና፣ «አባ፣ እሱ እኮ ፈተና ላይ አይመጣም» አለኝ።

ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ይህች መልስ ናት።

ደብተሩን ለማንቋሸሽ አልተነሣሁም። ጉዳዩ በትምህርት ቤት መነሣቱ ራሱ ደግ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ጥቃትና ጤና ባወጣው ሪፖርት፣ ጥቃት ማለት መምታት ብቻ እንዳልሆነ፣ ማስፈራራትና ሥልጣንን ለጉዳት መጠቀምም እንደሚጨመርበት አስረድቷል። ሰው በራሱ ላይ፣ ሰው በሰው ላይ፣ ወገንም በወገን ላይ የሚያደርሰው ብሎ በሦስት ከፍሎታል። ያው ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2000 ዓመት ብቻ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 29 የሆነ 199 ሺህ ያህል ወጣቶች በሰው እጅ እንደተገደሉ ገምቷል። አንድ ወጣት በተገደለ ቁጥር ደግሞ ከ20 እስከ 40 የሚሆኑ ሌሎች የሐኪም ቤት ሕክምና የሚያስፈልገው ጉዳት ይደርስባቸዋል ይላል። የደብተሩ ጉድለት ሌላ ነው። ስሞቹን ሁሉ ይዟል፤ ልጁ ነገሩን ሲያይ የሚለይበትን ምልክትና በዚያች ሰዓት የሚሠራውን ሥራ ግን አልያዘም።

ትምህርት ቤቱን ከመውቀሴ በፊት ግን የራሴን ቤት ልውቀስ። እኔ ሂርና ከተማ ውስጥ ቁርአን የማስቀራ ሰው ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደረሶቼ አንዱ፣ ሌላውን በአባቱ ድህነት አላገጠበት። የተላገጠበት ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ «ቆይ፣ አገኝሃለሁ» እያለ ዞረ። ሠላሳ ልጅ ሰምቷል። እኔም ሰምቻለሁ። ያደረግሁት ነገር ቢኖር ሁለቱንም በአለንጋ ገርፌ ወደ ሎሓቸው መመለስ ነው፤ ያለቀ መሰለኝ። በገበያው ቀን ከጫት ተራው ጀርባ ያላገጠው ልጅ ክንዱን በቢላ ተወጋ። አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሱ ተረፈች፤ ጣቶቹ ግን እስከ ዛሬ ብዕር አጥብቀው አይዙም። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ የሕክምናው ተከፈለ፣ ፋቲሓ ተቀርቶ ቤተሰቦቹ ታረቁ። ነገር ግን ሠላሳዎቹን ልጆች «እየሰማችሁ ለምን አልተናገራችሁም?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ቢጠየቁስ ምን ይላሉ? የሰው ነገር ማመላለስ ነሚማ ነው፣ ሐራም ነው ብለን ያስተማርናቸው እኛው ነን። እውነትም ነሚማ ሐራም ነው። ነገር ግን ሰውን ከጉዳት ለማዳን መናገርን ዑለሞች ከሐሜት ለይተው አስቀምጠዋል፤ ኢማም ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን ከፈቀዷቸው ስድስት ሁኔታዎች መካከል ይህ ይገኛል። በሱረቱል ቀሶስም መሳፍንቱ ሙሳን (ዐ.ሰ.) ሊገድሉ ሲመካከሩ፣ ከከተማይቱ ዳር እየሮጠ መጥቶ ያስጠነቀቃቸው ሰው ተወስቷል። ይህን ሱራ ስናስቀራ፣ «ይህ ሰው ወሬ አቀባይ ነው ወይስ አዳኝ?» ብለን ልጆቹን ጠይቀን እናውቃለንን?

የአደምን ሁለት ልጆች ታሪክማ ስንት ጊዜ አስቀርተናል! ስናስተምረው ግን «ነፍሰ ገዳይ የጀሀነም ነው» ብለን እንዘጋዋለን። ብያኔው እውነት ነው። ሆኖም አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳ ነገሩን በደረጃ ነው የተረከልን። መጀመሪያ የአንዱ ቁርባን ተቀባይነት አገኘ፣ የሌላው አላገኘም፤ ቀጥሎ ዛቻ ከአፍ ወጣ፤ ከዚያ ነፍሱ ግድያውን አቀለለችለት፤ ከዚያ ድርጊቱ መጣ፤ በመጨረሻ ጸጸት። ዛቻው ከድርጊቱ በፊት ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ የሚገላግል ሦስተኛ ሰው አልተጠቀሰም። እኛ ዘንድ ግን ሠላሳ ልጆችና አንድ ኡስታዝ ነበርን።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩት አስቀድሞ መከላከልን ነው። ፍላጻ ይዞ በመስጊድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው፣ ማንንም እንዳይጎዳ ስለቱን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። ከሰገባው የተመዘዘ ሰይፍ መቀባበልን ከልክለዋል። በወንድሙ ላይ ብረት የሚቀስርን ሰው፣ የእናትና የአባቱ ልጅ እንኳ ቢሆን፣ መላእክት እንደሚረግሙት ነግረውናል። የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ፣ ካልበረደለትም እንዲጋደም መክረዋል። ወንድምን በዳይም ቢሆን ተበዳይ መርዳት እንደሚገባ ሲናገሩ፣ በዳይ እንዴት ይረዳል ተብለው ተጠየቁ፤ ከበደሉ በመከልከል ነው ብለው መለሱ። እነዚህን ሐዲሶች ልጆቻችን በቃላቸው ያውቋቸዋል። ቢላ ይዞ ገበያ የሚገባውን የሰፈራቸውን ልጅ ሲያዩ ግን አያስታውሷቸውም፤ እኛ አላገናኘንላቸውምና።

«ልጅ ያለ አለንጋ ይማራል ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ሶላት ቢተው ስለመመታቱ የመጣውንም ሐዲስ ያነሣሉ። ሐዲሱ ከሰባት ዓመት ጀምሮ ማዘዝን አስቀድሟል። ሦስት ዓመት በቀን አምስት ጊዜ ከተነገረ ከ5 ሺህ ጊዜ በላይ ነው። ዑለሞችም ፊት እንዳይነካ፣ አካልም እንዳይጎዳ ገድበውታል። እኛ ግን አንዲት አያ የሳተውን ልጅ ወዲያው እንገርፋለን። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከጂሃድ በቀር ሴትንም አገልጋይንም በእጃቸው መትተው እንደማያውቁ ተናግረዋል። አነስ (ረ.ዐ.) አሥር ዓመት ሲያገለግሏቸው «ኡፍ» እንኳ እንዳላሏቸው መስክረዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በሚያድጉባቸው ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ታዲያ እኔ የገረፍኩት ልጅ በዚያች ቀን ከእኔ ምን ተማረ? ጉልበት ያለው ሰው ሲቆጣ እንደሚመታ ነው የተማረው።

ሽምግልናን አላቃልልም። በሐረርጌ ጉማም ሆነ በሸሪዓችን ዲያ፣ ደም በደም ላይ እንዳይጨመር ያደረጉ ታላላቅ ነገሮች ናቸው። ነገር ግን የሚመጡት ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። በእርቅ ስም የሚሸፈን በደልም አለ። አንዲት ልጅ ስትጠለፍ፣ «ከተወሰደች አይቀር ኒካሕ ይታሰር» እንላለን። በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ካገባት ክሱን ያስቀርለት ነበር። ግንቦት 1 ቀን 1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 587 ጋብቻው ከቅጣት እንደማያድነው ደንግጓል። በዲናችንም ቢሆን የልጅቷ ፈቃድ ሳይጠየቅ የሚታሰር ኒካሕን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አልፈቀዱም። ሴት ልጆቻችን የሚከታተላቸው ሰው ሲኖር ሳይፈሩ ለእናታቸው እንዲናገሩ፣ እናቶችም «ምን አሳይተሽው ነው?» እንዳይሉ እንምከር።

በራሱ ላይ ጉዳት የሚያስብ ልጅም አለ። ከሰው ይሸሻል፣ የሚወደውን ንብረት ያድላል፣ «ባልኖር ይሻላል» ይላል። ለዚህ ልጅ «ሐራም ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። አጠገቡ ተቀምጦ በግልጽ መጠየቅ፣ ብቻውን አለመተው፣ ወደ ጤና ባለሙያ መውሰድም ያስፈልጋል።

ወላጆች ሆይ! ከዒሻ በኋላ ሆጃ እየጠጣችሁ ልጆቻችሁን ጠይቁ። ዛሬ የዛተ ሰው ሰማችሁ? ቢላ ይዞ የሚዞር አለ? ብትሰሙ ለማን ትናገራላችሁ? ያ ሰው ባይሰማችሁስ፣ ቀጥሎ ለማን? ኡስታዞችም ሱራውን ስናስቀራ ይህንኑ እንጠይቅ። መምህራንም ፈተናው ላይ አንዲት እንዲህ ያለች ጥያቄ ይጨምሩ፤ ልጆች የሚያጠኑት የሚጠየቁትን ነውና።

የኔ ልጅ ለጥያቄዬ መልስ ያገኘው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። «መጀመሪያ ጓደኛዬን ይዤ አስቀምጠዋለሁ፤ እምቢ ካለኝ ለአንተ እነግርሃለሁ» አለኝ። ጥቂት ዝም ብሎም፣ «አትገርፈውም አይደል?» ሲል ጨመረ። እንደማልገርፈው ቃል ገባሁለት። አላህ በቃሌ ያጽናኝ። አሚን።

ወላሁ አዕለም።