ቁራሽ የሰጠ አገር ከተማሪው እጅ በላ ወይ?

«ዕውቀት የአእምሮ ምግብ፣ የነፍስ ስንቅ ነው» ሲባል ሰምተን ሰምተን ጆሯችን ለምዶታል። በጎጃም ምድር ግን ነገሩ እንዲያው ምሳሌ ብቻ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ገበሬውም ቁራሹን ይሰጠዋል። የአእምሮ ምግብ ፍለጋ የወጣው ልጅ ሆዱን የሚሞላው በገበሬው ላብ ነው። ታዲያ ገበሬው በፈንታው ምን በላ?

ይህን ጥያቄ ይዘን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንደገና ብናገላብጥ መልሱ መራራ ነው። ደራሲው ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ እንዶዳም ተወልደው የቤተ ክህነቱን ትምህርት የቀመሱ ሰው ናቸውና፣ በ1958 ዓ.ም. የወጣው ልቦለዳቸው ከሩቅ ስላዩት ነገር አያወራም። በዛብህ ከማንኩሳ ወጥቶ፣ ቅኔ ተምሮ ዲማ ሲደርስ ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ቤታቸው አስገቡት። ዕውቀቱን ፈለጉት፤ ሰውየውን ግን ዘር ቆጥረው ናቁት። ጉዱ ካሣማ የባሰ ነው! ያወቀውን ሲናገር እንደ እብድ ተቆጠረ።

እንግዲህ አገሩ ተማሪውን ያበላል እንጂ ከተማሪው እጅ አይበላም ማለት ነው። የልቦለዱ ትልቅነት ይህን ጉድ ገላልጦ ማሳየቱ ላይ ነው እንላለን።

ይህን ስንል ግን መጽሐፉ እንከን የለውም ማለታችን አይደለም። ጉዱ ካሣ አንዳንዴ ሰውነቱ ይቀርና ሰባኪ ይሆንብናል፤ ንግግሩም ይረዝማል። ደግሞስ ማን ይሰማዋል? ከልብ የሚያዳምጡት በዛብህና ሰብለ፣ ፊደል የቆጠሩት ናቸው። ቁራሹን የሰጠው ገበሬ ከዚህ ማዕድ ርቆ ይቆማል። ደራሲው ይህን ርቀት ቢመረምሩት ኖሮ ሐዘኑ የበለጠ በጠለቀ ነበር።

የሚገርመው ግን ጉዱ ካሣ ያቃተውን መጽሐፉ ራሱ ቻለው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረውም ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ። ማዕዱ ያኔ ሰፋ።

እኛስ? ለእኛም በሶ የቋጠረልን፣ በሬ ሸጦ የላከን ወገን አለ። ዲግሪያችንን ይዘን በማይገባው ቋንቋ ብንራቀቅበት ቁራሹን በልተን በሩን ዘጋንበት ማለት ነው። ስለዚህ፣ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ይህን ልቦለድ ለፈተና ብላችሁ ብቻ አታንብቡት። ለዕረፍት አገር ቤት ስትገቡ ይዛችሁት ሂዱ፤ ማታ እሳት ዳር ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ የሚሉትንም ስሙ።