የደስታው ሸለቆና ግሼን አምባ፤ በሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ» ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በአሥራ ሰባተኛውና በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ የኢትዮጵያ ስም ከአንድ ጊዜ በላይ ይነሣል። ጆን ሚልተን በ1667 ባሳተመው «የጠፋችው ገነት» በተሰኘው ታላቅ ግጥሙ የአማራን ተራራ ይጠቅሳል። ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ በ1759 ያሳተመው አጭር ልቦለድ ዋና ገጸ ባሕርይ ኢትዮጵያዊ ልዑል ነው። ልቦለዱ መጀመሪያ ሲወጣ «የአቢሲኒያው ልዑል» ይባል ነበር፤ ዛሬ የሚታወቀው «ራሴላስ» በሚለው ስሙ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታልና ለአገራችን አንባቢ ፍጹም እንግዳ አይደለም። ሆኖም በክፍል ውስጥ በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት አስተያየት ይደመጣል። አንደኛው ወገን የአገሩን ስም በታላቅ ደራሲ ብዕር ተጽፎ በማየቱ ይኮራል። ሁለተኛው ወገን በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው ኢትዮጵያ ከስም በቀር ምንም የላትም ብሎ ያልፈዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለብዙ ዓመታት ከሁለተኛው ወገን ነበር። «ኢትዮጵያ ለጆንሰን ከላይ የምትደረብ ካባ ናት፤ ካባውን ብትገፉት ከሥሩ የምታገኙት የለንደን ሰው ነው» እያለም አስተምሯል። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ፣ «ታዲያ እነዚህ የንጉሥ ልጆች መጀመሪያውኑ ለምን ተዘጋባቸው?» ሲል ጠየቀ። የተሰጠው መልስ፣ ታሪኩ መነሻ ስለሚያስፈልገው ነው የሚል ነበር። መልሱ ተማሪውን አላረካም፤ እያደር መምህሩንም አላረካውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚያ ጥያቄ የተሻለ መልስ መፈለግ ነው። የልቦለዱ ኢትዮጵያዊነት መታየት ያለበት በስሞቹ ሳይሆን ከግሼን አምባ በወረሰው ችግር መሆኑን፣ ጆንሰንም ያንን ችግር በደስታ ጥያቄ ቢሸፍነው እንኳ ሊያጠፋው አለመቻሉን ለማሳየት ይሞከራል።

ከአምባው ወደ ሸለቆው

እንደሚታወቀው፣ በመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ወንድሞቻቸውንና የዘመዶቻቸውን ልጆች በግሼን አምባ ያስቀምጡ ነበር። አምባው ወሎ ውስጥ የሚገኝ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ተራራ ነው። የአሠራሩ ምክንያት ግልጽ ነው። ለዙፋን የተወለደ ሰው ሁሉ ዙፋን ሊያገኝ አይችልም፤ ያላገኘው ደግሞ ጦር ሊያነሣ ይችላል። ሥርዓቱ በ1540 የአሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት አምባውን እስኪይዝ ድረስ ቆየ። በጎንደር ዘመን ደግሞ ወህኒ አምባ ላይ እንደገና ተቋቋመ። ዛሬ እስር ቤትን «ወህኒ» የምንለው ከዚህ አምባ ስም ተወስዶ ነው ይባላል። ስለዚህ ለአማርኛ ተናጋሪ የነገሥታት ልጆች ማረፊያና እስር ቤት ዛሬም በአንድ ቃል የሚጠሩ ናቸው ማለት ይቻላል።

ይህ ታሪክ ወደ አውሮፓ ሲሻገር በሁለት መንገድ ሄደ። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ አምባው ጥበቃ ጽኑነት ጽፏል። በአንጻሩ አገሩን ያላየው ስፔናዊው መነኩሴ ልዊስ ደ ኡሬታ በ1610 ባሳተመው መጽሐፍ አምባውን በአትክልትና በቤተ መንግሥት የተሞላ ምድራዊ ገነት አደረገው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ፐርቻስ የኡሬታን ወሬ ለአገሩ አንባቢዎች አዳረሰ። ሚልተንም ወሬውን ያውቀው ነበር፤ የአማራን ተራራ የጠቀሰው ግን አንዳንዶች እውነተኛዋ ገነት ናት የሚሏት ስፍራ ከኤደን ጋር ልትወዳደር እንደማትችል ለመናገር ነው። ጆንሰን ብዕሩን ሲያነሣ እንግዲህ ሁለት አምባዎች ቀርበውለት ነበር፤ አንዱ እስር ቤት፣ ሌላው ገነት። እርሱ ሁለቱን አዋሐዳቸው። ተራራውን ገልብጦ ሸለቆ አደረገው፤ እስር ቤቱንም ገነት አስመሰለው።

ጆንሰን ያነበበው

ይህን ያደረገው ካለማወቅ አልነበረም። በ1735 ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ የጀሮኒሞ ሎቦ የኢትዮጵያ ጉዞ ትርጉም ነው። ሎቦ በ1625 ኢትዮጵያ የገባ፣ አፄ ፋሲል ካቶሊካውያን ሚሲዮናውያንን ሲያባርሩ በ1634 የወጣ ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ ነበር። ጆንሰን የተረጐመው ዮአኪም ለ ግራን በ1728 ካሳተመው የፈረንሳይኛ ቅጂ ነው። በመቅድሙ ላይ ሎቦን የሚያመሰግነው ተረት ባለማብዛቱ፣ ያየውን እንዳየው በመጻፉ ነው። የሰው ልጅ በየትም አገር በጎነትና ክፋት፣ ስሜትና አእምሮ የተቀላቀሉበት ፍጡር መሆኑንም ያክላል። ይህ አቋም የሃያ አራት ዓመት ዕድሜ ቈይቶ በ«ራሴላስ» ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

ስሞቹም የንባቡ ምልክቶች ናቸው። ራሴላስ የሚለው ስም ከአፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ እንደመጣ ብዙ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። ኢምላክ የሚለው ደግሞ ሂዮብ ሉዶልፍ ስለ ኢትዮጵያ በጻፈው ታሪክ ውስጥ ካለው ከይኩኖ አምላክ ስም ጋር ይዛመዳል። ሉዶልፍ ዕውቀቱን በአብዛኛው ያገኘው ከአማራው ሊቅ ከአባ ጎርጎርዮስ ነው።

ከ«ራሴላስ» በፊትም ጆንሰን በ1752 «ራምብለር» በተባለው መጽሔቱ ላይ ሰገድ ስለሚባል የኢትዮጵያ ንጉሥ ሁለት ተከታታይ ጽሑፎች አውጥቷል። ሰገድ በደምብያ ሐይቅ ማለትም በጣና ባለች ደሴት ላይ አሥር ቀን ብቻ በደስታ ለመኖር ይወስናል። በዙሪያው ያሉት ሁሉ እንዲደሰቱም ያዛል። ደስታ ግን በዐዋጅ አይመጣም፤ ፊቶች የሚፈኩት ከፍርሃት የተነሣ ነው። በመጨረሻም ልጁ ታምማ ትሞትበታለች። ከዚህ እንደምንረዳው ጆንሰን ስለ ኢትዮጵያ ሲያስብ ደስታና ሥልጣን ተለያይተው አልመጡለትም።

የሸለቆው አሠራር

ራሴላስ የንጉሠ ነገሥቱ አራተኛ ልጅ ነው። ተራው ደርሶ ዙፋን እስኪጠራው ድረስ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር በአማራ ምድር ባለ ሸለቆ ውስጥ ይኖራል። በሃያ ስድስተኛው ዓመት ዕድሜው ድሎት ይሰለቸዋል። ኢምላክ ከተባለ የጎጃም ተወላጅ ገጣሚ፣ ከእኅቱ ከኔካያና ከእርሷ ደንገጡር ከፔኩዋ ጋር ተራራውን ፈልፍሎ ይወጣና ወደ ካይሮ ይሄዳል። እረኞችን፣ ባሕታዊውን፣ ባለጸጋውን፣ ፈላስፋውን ያያሉ፤ ፍጹም ደስተኛ ሰው ግን አያገኙም። የተለመደው ንባብ እዚህ ላይ ያቆማል። ልቦለዱ የሰው ልጅ ምኞት መጨረሻ እንደሌለው የሚያስተምር ምሳሌያዊ ታሪክ ነው ይባላል። ጆንሰን መጽሐፉን የጻፈው እናቱ በጥር 1759 በሞተችበት ወቅት፣ የቀብሯን ወጪ ለመሸፈን በአንድ ሳምንት ምሽቶች እንደሆነ ቦዝዌል መዝግቧል። ይህም የሐዘኑን ድባብ ያብራራል።

ንባቡ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ምዕራፍ በችኰላ ያልፋል። የሸለቆው መግቢያ ከአለት ሥር ያለ ዋሻ ነው፤ በብረት በርም ይዘጋል። ንጉሠ ነገሥቱ በዓመት አንድ ጊዜ ለስምንት ቀን ይመጣል፤ በሩ የሚከፈተው ያን ጊዜ ነው። ለልዑላኑ መዝናኛ የገቡ ዘፋኞችና ባለሙያዎች እንዲቀሩ ከተፈቀደላቸው ተመልሰው መውጣት አይችሉም። ቤተ መንግሥቱም የድሎት ቤት ብቻ አይደለም። በክፍሎቹ መካከል የሥውር መተላለፊያ አለ። በዓምዶቹ ውስጥ መንግሥት ክፉ ቀን ሲገጥመው የሚወጣ ሀብት ተደብቋል። የሀብቱ መዝገብ የተቀመጠበት ግንብ የሚከፈተውም ንጉሠ ነገሥቱ አልጋ ወራሹን አስከትሎ ሲገባ ብቻ ነው። ስለ ደስታ ብቻ የሚጽፍ ደራሲ እንዲህ ያለ ቤት አያስፈልገውም። ይህ የሚፈራ መንግሥት የሠራው ቤት ነው። ኢምላክም ኋላ ላይ ለልዑሉ እንደሚነግረው፣ በሸለቆው ካሉት አገልጋዮች መካከል የገባበትን ቀን የማይረግም የለም።

አርባ አራተኛው ምዕራፍ

የዚህ ጽሑፍ ዋና ማስረጃ በአርባ አራተኛው ምዕራፍ ይገኛል። እነራሴላስ በካይሮ ፀሓይንና ዝናብን የማዘዝ ኀላፊነት የተሰጠው ስለሚመስለው አንድ የከዋክብት ሊቅ ይሰማሉ። ኢምላክ ስለ ምናብ አደገኛነት ካስረዳቸው በኋላ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የተደበቀ ቅዠት ይናዘዛሉ። ፔኩዋ ንግሥት የመሆን ቅዠት ነበራት፤ ኔካያ የእረኝነት። የራሴላስ ከሁሉም ይከብዳል። በደል የሌለበት መንግሥት በሐሳቡ ያቋቁም ነበር። ይህን ሲያልም የአባቱንና የወንድሞቹን ሞት እንደ ቀላል ነገር ይቆጥረው እንደነበር አሁን ሲያስታውሰው ይደነግጣል።

አንባቢ ይህችን ቦታ ደግሞ ደጋግሞ ሊያያት ይገባል። ግሼን አምባ የተሠራው ለምን ነበር? የንጉሥ ልጅ የአባቱንና የወንድሞቹን ሞት እንዳያልም፣ ቢያልምም እንዳይፈጽም ነበር። ጆንሰን ገደሉን በለምለም ሜዳ፣ ጥበቃውን በዘፈን ተካው። ከታሪኩ መጀመሪያ ጀምሮ ስለ ደስታ ብቻ የሚጨነቅ የሚመስለው የዋህ ልዑል፣ ታሪኩ ሊያበቃ ጥቂት ምዕራፎች ሲቀሩት ሥርዓቱ የሚፈራውን ሰው ሆኖ በራሱ አንደበት ይገለጣል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ደግሞ ይህ ሐሳብ የመጣበት ከክፋት ሳይሆን ከፍትሕ ፍቅር መሆኑ ነው። ለሕዝቡ በጎ ነገር ለማድረግ ሲመኝ በመንገዱ የቆሙት አባቱና ወንድሞቹ በሐሳቡ ይሞታሉ።

በተጨማሪም እዚያ ያደረሰው መዘጋቱ ነው። ሥራ የሌለው ልዑል ያልማል፤ ሕልሙም ሥርዓቱ ሊከላከለው የተነሣውን ነገር ራሱን ይወልዳል። ስለዚህ መሳፍንቱ ለምን ተዘጋባቸው ለሚለው ጥያቄ የልቦለዱ መልስ፣ እንዲህ ዓይነት ሕልም እንዳያልሙ ነው፤ መዘጋታቸው ግን ያንኑ ሕልም አሳለማቸው የሚል ይሆናል። ጆንሰን ይህን አቅዶ ሠራው ለማለት አይደለም። ለማለት የተፈለገው፣ ከታሪክ የተወሰደ መቼት የራሱን ጥያቄ ይዞ ወደ ልቦለድ እንደሚገባ ነው። ደራሲው ጥያቄውን ቢተወውም ጥያቄው ደራሲውን አይተወውም።

መጨረሻውም ይህን ያጠናክራል። ዓባይ ሞልቶ ካይሮ ውስጥ ሲቀመጡ ሁሉም ምኞታቸውን ይናገራሉ። ራሴላስ በራሱ የሚያስተዳድረው ትንሽ መንግሥት ይመኛል። ሆኖም የግዛቱን ዳር ድንበር መወሰን ያቅተዋል፤ የሕዝቡን ቍጥር ዘወትር ይጨምራል። በቀልድ የቀረበ ቢሆንም ቀልዱ መራራ ነው፤ ከአባቱ ቤት የወጣው ልጅ አባቱን መምሰል ጀምሯል። ጎርፉ ሲጎድል ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ይወስናሉ። የመጨረሻው ምዕራፍ ርእስ ራሱ ምንም ነገር እንዳልተቋጨ ያመለክታል። ነገሩ ያልተቋጨው የደስታ ጥያቄ መልስ ስላጣ ብቻ አይደለም። ከአምባ ያመለጠ የንጉሥ ልጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ምን ሆኖ እንደሚመለስ መጽሐፉ ሳይናገር ስለሚዘጋም ጭምር ነው።

የመጽሐፉ ጉድለት

ይህ ሁሉ ሲባል ልቦለዱ ከጉድለት የጠራ ነው ማለት አይደለም። ገጸ ባሕርያቱ በሙሉ የሚናገሩት በአንድ ዓይነት ቋንቋ ነው፤ ኔካያ ስትናገር ከኢምላክ መለየት ያስቸግራል። ጆንሰን ከሎቦ ገጾች የሚያውቀው ሃይማኖታዊ ክርክር፣ ጾም፣ የሕዝብ ኑሮ በልቦለዱ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ንጉሠ ነገሥቱ መልክም ድምፅም የለውም፤ ልጁ በሐሳቡ ሞቱን የተመኘለት አባት እንዲህ ጥላ ብቻ መሆኑ የአርባ አራተኛውን ምዕራፍ ኀይል ቀንሶታል። በመሆኑም ካባ የሚለው የቀድሞ አስተያየት ሙሉ በሙሉ የሚጣል አይደለም። የሚታረመው አንድ ነገር ነው፤ ካባው ከሌላ ሰው ገላ ላይ የተወሰደ ስለሆነ የባለቤቱን ቅርጽ ይዟል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው «ራሴላስ»ን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ የሚያደርገው የአማራና የጎጃም ስም መጠቀሱ አይደለም። ሥልጣንን ለመጠበቅ ሲባል የሰው ዕድሜ በድሎትም ቢሆን መዝጋት ምን እንደሚያስከትል መጠየቁ ነው። ይህ ጥያቄ በግሼንና በወህኒ የተጠየቀ የራሳችን ጥያቄ ነው። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ላይ የሚሠሩ ተማሪዎች የሎቦን ጉዞ፣ የሰገድን ታሪክና «ራሴላስ»ን ከሲራክ ኅሩይ ትርጉም ጋር ጎን ለጎን አድርገው ቢያነቡ ብዙ ያልተነካ የጥናት መስክ ያገኛሉ። ያ ተማሪ ዛሬ ጥያቄውን ቢደግም፣ መልሱ የሚጀምረው ታሪኩ መነሻ ስለሚያስፈልገው ነው ከማለት አይሆንም፤ አርባ አራተኛውን ምዕራፍ ግለጥ ከማለት ይሆናል።