የብራና ኅዳግና የጠፋው ስም

ለብዙዎቻችን ሂስ ማለት ልቦለድን፣ ግጥምንና ተውኔትን መመርመር ብቻ ነው። ዳሩ ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቤተ ዘመድ ገንዘብ አዋጥቶ የሚያሳትመው የትውልድ ሐረግ መጽሐፍ እየበዛ መጥቷል። ልጆቻችን «ከማን ተወለድን?» ብለው ሲጠይቁ የሚገልጡት እርሱን ነውና ከሐያሲ ዓይን ሊያመልጥ አይገባም።

የእነዚህ መጻሕፍት ድካም ማስረጃ ማጣት አይደለም፤ ማስረጃው ለምን ዓላማ እንደ ተጻፈ አለመጠየቅ ነው። አባቶች የጉልት ስጦታን፣ የሽያጭ ውልንና የእማኞችን ስም በወንጌል ብራና ኅዳግ ይጽፉ ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የቦታ ካርታና የግብር ደረሰኝ መጣ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ ደግሞ የቀበሌ ቅጽ ተከተለ። መሬቱን የያዘው፣ ግብሩን የከፈለው፣ በቤቱ የተቀመጠው ማን ነው? ጸሐፊው የሚጠይቀው ይህን ነበር።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት «የሕይወት ታሪክ»፣ ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልም በ1942 ዓ.ም. ያወጡት «ዝክረ ነገር» ለመርማሪ ትልቅ ውለታ ናቸው። የመጀመሪያው ስመ ጥር ሰዎችን፣ ሁለተኛው የመሬቱንና የግብሩን ሥርዓት ያስተምራል። ከእነርሱ ማዕረግ ብቻ ለቅሞ አያቱን የሚያስጌጥ ጸሐፊ ግን ወቀሳው የራሱ ነው።

ከየካ ተራራ እስከ እንጦጦ ያለውን አገር እንመልከት። የካ የሚለው ስም ራሱ ከቱለማ ኦሮሞ ጎሣዎች አንዱ ከሆነው ከኤካ ጋር ይያያዛል። የዚያ ሕዝብ የትውልድ ቆጠራ በቃል እንጂ በወንጌል ኅዳግ አልተቀመጠም። ስለዚህ የሰፈሩን ታሪክ ከቦታ ካርታ የሚጀምር ሰው ከመካከሉ ጀመረ ማለት ነው።

በአማራው ባህል ርስት በእናትም በአባትም ወገን ይጠየቅ ነበር፤ ለጋብቻም ሰባት ቤት ሲቆጠር የእናት ዘር አይዘለልም። በቃል የተጠበቀችው እናት በወረቀት ላይ የጠፋችው እንዴት ነው? የስማችን ሥርዓት አንዱ ምክንያት ነው፤ ከስማችን ቀጥሎ አባት፣ ከአባት ቀጥሎ አያት ይጠራል፤ እናት በዚያ ሰልፍ ውስጥ የለችም።

የራሴን ልጨምር። አያቴ ከእንጦጦ ዳገት የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አውርደው ልጆች ያሳደጉ ሴት ነበሩ። በአንድ የቀበሌ ቅጽ ላይ ያገኘኋቸው ለስም በተተወው ቦታ «እናት» ተብለው ነው። ሌላ ቃል የለም። (ተውኔት ጸሐፊ እንኳ ለሎሌው ገጸ ባሕርይ ስም ይሰጣል!) የክርስትና ስማቸውንና የተወለዱበትን ቀዬ የነገሩኝ አብረዋቸው ሸክም የተሸከሙ አንዲት አሮጊት ናቸው።

ይህንኑ በቤተ ዘመዳችን መጽሐፍ ረቂቅ ላይ አስገብቼ፣ በምንጭነት «የሸክም ጓደኛቸው» ብዬ ጻፍሁ። አዘጋጆቹ «ይህ ምንጭ አይባልም» ብለው ሰረዙት። በአጠገቡ ያለውን የአንድ ዘመዳችንን የደጃዝማችነት ማዕረግ ግን ከየት እንዳመጡት ብጠይቃቸው፣ «ይባል ነበር» አሉኝ። ረቂቁ እስካሁን አልታተመም፤ የአያቴን ስም በእርሳስ መልሼ ጽፌዋለሁ።