ደጋውን ያዩና በደጋው የተጠቀሙ መጻሕፍት፦ የዘንድሮ ንባብ ሂሳዊ ዳሰሳ

ዘንድሮ ከመስከረም ወዲህ ያነበብኳቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ አካባቢ ላይ ነው። በቀድሞው አስተዳደር የመንዝና ግሼ አውራጃ፣ የመርሐ ቤቴ አውራጃ ሲባል የኖረው፣ ዛሬ በሰሜን ሸዋ ዞን ሥር በበርካታ ወረዳዎች የተከፋፈለው አገር ነው። የዓመት ንባብን የሚቃኙ ጽሑፎች የወደዱትን አወድሰው፣ ያልወደዱትን ነቅፈው ማለፍ ይቀናቸዋል። እንዲህ ያለው ዝርዝር የአንባቢውን ዝንባሌ ያሳይ ይሆናል እንጂ ስለ መጻሕፍቱ ብዙም አይነግረንም። ስለዚህ ፍርዴ የቆመበትን መለኪያ አስቀድሜ ላስቀምጥ። ከአንድ መጽሐፍ ውስጥ «መንዝ» የሚለውን ስም አውጥተን «ዳሞት» ወይም «ዋድላ» ብንተካበት ክርክሩ ንቅንቅ የማይል ከሆነ ደራሲው በመንዝ ተጠቀመ እንጂ መንዝን አላየም። ስሙ ሲወጣ ክርክሩ አብሮ የሚፈርስ ከሆነ ግን አገሩን አይቶታል። ያስደሰቱኝና ያሳዘኑኝ መጻሕፍት የሚለያዩት በዚህ ነው።

ሁለት መጽሐፍ በአንድ ጥራዝ

በዚህ መለኪያ ከሁሉ በፊት መመዘን ያለበት የዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መገባደጃ ላይ መንዝ ገብቶ፣ ከገበሬው ጋር ኖሮ ያጠናውን በ1965 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳተመ። መንዝ የሚለው ስም በውጭ ምሁራን ዘንድ የታወቀው በአብዛኛው በዚህ መጽሐፍ ነው። ዘንድሮ ካነበብኳቸው ሁሉ ይበልጥ ያስደሰተኝም፣ ይበልጥ ቅር ያሰኘኝም ይኸው አንድ ጥራዝ ነው።

ያስደሰተኝ የመጀመሪያው ክፍል ነው። ሌቪን ጎንደርንና መንዝን ጎን ለጎን አቁሞ ያነጻጽራል፤ በአንድ ወገን የግንብ፣ የትምህርትና የንግድ ከተማ፣ በሌላው ወገን ርስቱንና ጦሩን ይዞ የኖረ የደጋ ገበሬ። ከመጽሐፉ አንድ ዓመት ቀድሞም በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ መንዝ ታሪክና ባህል ባሳተመው ጥናት የአገሩን ወሰን በወንዝና በተራራ ለይቶ አስቀምጧል። በደቡብ ሞፈር ውሃ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጭት፣ በሰሜን ቀጨኔ፣ በምሥራቅ ደግሞ መንዝን ከኤፍራታ፣ ከግድምና ከቀወት ቆላ የሚለየው የተራራ ሰንሰለት ነው። ማማ፣ ላሎና ጌራ የተባሉት ሦስቱ ምድሮች ስማቸውን ካገኙባቸው አቅኚዎች ትውፊት ጋር፣ ርስት ለመንዜው ከመሬትነት ያለፈ የትውልድ ክብር ስለመሆኑ፣ በርስት ሰበብ ስለሚነሣው ሙግትና ደም የጻፈው አገሩን የሚያውቅ አንባቢ የሚቀበለው ነው። እዚህ ላይ መንዝን አውጥተን ሌላ አገር ብንተካ ገጾቹ ይፈርሳሉ።

ቅር ያሰኘኝ መጽሐፉ ወደ ሥነ ልቦና ሲሻገር ነው። ገበሬው ቀስ እያለ ከገጹ ይወጣና «አማራ» የሚባል አንድ ወጥ ጠባይ ይተካል። ከአመጋገብና ከጾም ልማድ፣ ከልጅ አስተዳደግ፣ ከተማሪዎች በተሰበሰበ መጠይቅ ተነሥቶ የአንድ ሕዝብ ውስጠ ልቦና በፍሮይድ መነጽር ይተነተናል። ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚቀርበው ዋናው ሐሳብ ሰምና ወርቅ የሚባለው ሁለት ትርጉም ያለው አነጋገር የአማራው ኑሮ መለያ እንደሆነና ይህም ለዘመናዊነት የሚያስፈልገውን ግልጽነት እንደሚያውክ የሚናገረው ነው።

ይህን ሐሳብ የሚሞግት ማስረጃ ያለው ግን በራሱ በሌቪን መጽሐፍ ውስጥ ነው። መንዜ ሙግት ወዳድ ነው ብሎ የነገረን እሱ ነው። የርስት ሙግት የያዘ ሰው ደግሞ በቅኔ አይከራከርም። የአባቱን አባት እያለ እስከ አቅኚው ድረስ ትውልዱን ስም በስም መቁጠር፣ ድንበሩን በድንጋዩና በወንዙ መጥራት፣ ምስክሩን ማቆም፣ ዋሱን መጥራት አለበት። አንድ ስም ቢያምታታ፣ አንድ ወሰን ቢያደበዝዝ ይረታል። ዳኛ ፊት የቆመው ገበሬ አንደበት በአገሪቱ ከሚነገረው አማርኛ ሁሉ ጥርት ያለው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሰምና ወርቅ ከቅኔ ቤት፣ ከቤተ መንግሥትና ከአዝማሪ መድረክ የወጣ ጥበብ ነው፤ ከጌራ ምድር ገበሬ የዕለት ኑሮ የተወሰደ መለያ አይደለም። ሌቪን የሙግቱን ብዛት አይቶ የሙግቱን ቋንቋ አለመስማቱ የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት ነው።

አጠቃላይ ሐሳብ የሚሻ ጥናት በአንድ ወረዳ ታጥሮ መቅረት የለበትም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። መልሱን ከአለን ሆበን እናገኛለን። በ1973 እ.ኤ.አ. የታተመው ስለ አማራ የመሬት ሥሪት የጻፈው መጽሐፍ ርእሱ ሰፊ ቢሆንም ሐተታው ከጎጃም ዳሞት አይወጣም። አንድ ሰው በእናቱም በአባቱም ወገን ቆጥሮ መሬት እንዴት እንደሚጠይቅ፣ ማን እንደሚያገኝና ማን እንደሚያጣ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። አንባቢው ሐሳቡን ወደ ሌላ አገር መውሰድ ቢፈልግ የሚወስደው አሠራሩን ነው። ከሌቪን ኋለኛ ምዕራፎች የምንወስደው ግን ጠባይ ነው፤ ጠባይ ደግሞ በማስረጃ ሊፈተን አይመችም። ሌቪን ራሱ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው፣ በአማርኛ «ትልቋ ኢትዮጵያ» በተባለው ሥራው ዕይታውን ወደ አገሪቱ ሕዝቦች ሁሉ አሰፋ። ይህ ለኢትዮጵያ ጥናት የጠቀመውን ያህል ለመንዝ ግን አልበጀም፤ ስፋቱ በጨመረ ቁጥር ደጋው እየራቀ ሄዷል።

ከዙፋን ላይና ከማሳ ላይ

ወደ ኋላ ስንሄድ ተመሳሳይ ልዩነት በ1844 እ.ኤ.አ. በታተሙ ሁለት የጉዞ መጻሕፍት መካከል እናገኛለን። ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከውን የእንግሊዝ ልዑክ መርቶ በ1841 እ.ኤ.አ. የወዳጅነት ውል የተፈራረመ ሰው ነው። ሦስት ጥራዝ የሆነው መጽሐፉ በጌጠኛ ቋንቋ ተጥለቅልቋል። ሰልፉ፣ ግብሩ፣ ዘመቻው ሁሉ ለለንደን አንባቢ መደነቂያ ተደርጎ ተሰናድቷል። ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን ግን አልዩ አምባ ገበያ አጠገብ ተከራይቶ ከነጋዴውና ከሸማኔው ጋር ውሎ ያደረ ሰው በመሆኑ፣ ከሃሪስ ጋር የነበረው ቂም አልፎ አልፎ ብዕሩን ቢያጣምመውም፣ ስለ ዋጋ፣ ስለ ልብስና ስለ ቤት አያያዝ የሚነግረን ዛሬም ይጠቅማል። ሁለቱም ያተኮሩት በአንኮበርና በአካባቢው ላይ ነው። የሸዋ ነገሥታት ሐረግ የተመዘዘባት መንዝ በሃሪስ ዘንድ የቤተ መንግሥቱ ጀርባ ሆና ትቀራለች።

ከዘመናዊዎቹ የታሪክ ሥራዎች ሁለቱን አያይዤ አንብቤአለሁ። ጋናዊው ኮፊ ዳርክዋ በ1975 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ ከ1813 እስከ 1889 እ.ኤ.አ. ያለውን የሸዋ ታሪክ የሚተርከው መጽሐፍ የነገሥታቱን ቅደም ተከተል፣ ከጎረቤት ጋር ያደረጉትን ስምምነትና ጦርነት በጥንቃቄ ያስቀምጣል። ለመማሪያነት እስካሁን ያገለግላል። ግን ታሪኩ የሚታየው ከዙፋኑ ላይ ሆኖ ነው፤ ግብሩ ገባ ይለናል እንጂ ማን ከየትኛው ማሳ አውጥቶ እንደሰጠ አይነግረንም። ኖርዌያዊው ስቬን ኤገ በ1996 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ በ1840 እ.ኤ.አ. ገደማ የነበረውን የሸዋ መንግሥት የሚመረምረው መጽሐፍ የሚጀምረው ዳርክዋ ያልጠየቀውን በመጠየቅ ነው። የዘመኑን መንገደኞች፣ የእነሃሪስን፣ የእነክራፕፍን፣ የእነሮሼ ዴሪኩርን ጽሑፎች እንደ አዲስ አንብቦ ገባሪው ምን እንደሚያመርት፣ ባለ ጉልቱና ቤተ መንግሥቱ ምን እንደሚወስዱ ይጠይቃል። አነጋገሩ ደረቅ፣ የመደብ ትንተናው አንዳንዴ ከማስረጃው በላይ የሚጎትት ነው። ቢሆንም ከጌጠኛው የሃሪስ ድርሰት ውስጥ ገበሬውን ፈልቅቆ ማውጣት መቻሉ ብቻ ከዓመቱ ምርጥ ንባቦቼ አንዱ አድርጎታል።

የአገሩ ልጆች ሥራ

ከአገሩ ልጆች ሥራ ቅር ያሰኙኝ በተቃራኒው ባልጻፉት ነገር ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. መርሐ ቤቴ ተወልደው፣ በስደት እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በ1931 ዓ.ም. አርፈዋል። በዘመናቸው እንደ እሳቸው ብዙ የጻፈ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። «አዲስ ዓለም» የተሰኘው ልቦለዳቸው ከአውሮፓ ተምሮ የተመለሰን ወጣት ከአገሩ ልማድ ጋር ያፋጥጣል። ስለ ተዝካርና ስለ ሠርግ ወጪ የሚያነሣው ጥያቄ ዛሬም ያልተመለሰ ነው። እንደ ልቦለድ ግን ደካማ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ምክር ለመስጠትና ምክር ለመስማት የተፈጠሩ ናቸው፣ የገጠሩ መንደርም የራሱ መልክ የለውም። በ1924 ዓ.ም. ለጃፓን አንድ ሙሉ መጽሐፍ የሰጡት ኅሩይ ለመርሐ ቤቴ አንድም አልሰጧትም። የጀማ ሸለቆ፣ የወንጭት ገደል፣ የዓለም ከተማ አምባ በእሳቸው ብዕር ቢጻፍ ኖሮ ዛሬ ስለ መርሐ ቤቴ ያለን እውቀት የተለየ በሆነ ነበር።

ከኅሩይ ሥራዎች ያስደሰተኝ ማንም ለደስታ ብሎ የማያነብበው ነው። በ1904 ዓ.ም. ያሳተሙት በኢትዮጵያ የሚገኙ የመጻሕፍት ቁጥር፣ በኋላም በ1920 ዓ.ም. የወጣው የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት ካታሎግ ዝርዝር ብቻ ናቸው። ሆኖም አንድ ሰው በየገዳሙና በየቤቱ ያለውን መጽሐፍ አገር ሊያውቀው ይገባል ብሎ መነሣቱ በራሱ ታላቅ ሐሳብ ነው። ልቦለዶቻቸው ሰውን ሊያስተምሩ ሲሮጡ ያላዩትን አገር፣ ዝርዝሮቻቸው በትዕግሥት አይተውታል።

ከመርሐ ቤቴ ብዙም በማይርቀው በሲያደብር የተወለዱት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ከሞቱ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው የሕይወት ታሪካቸው ሌላ ነው። ከሸዋ ገጠር ወደ ሐረር፣ ከዚያም ወደ ሩሲያ የሄዱት፣ በኋላ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው ቋንቋቸው የሚያሽሞነሙን አይደለም። ራሳቸውን ከፍ ማድረጋቸው አንባቢን ይቆጠቁጣል። ያም ሆኖ ባለሥልጣንን በስሙ ጠርተው፣ ነገሩን በቦታውና በጊዜው አስቀምጠው ስለሚናገሩ ልንሟገታቸው እንችላለን። ከትውስታ መጽሐፍ የሚጠበቀውም ይኸው ነው።

ባለፉት ዓመታት በአካባቢው ተወላጆች በራሳቸው ወጪ የታተሙ በርካታ የአውራጃና የወረዳ ታሪኮችንም አገላብጫለሁ። ስም ጠርቶ መንቀፍ ተገቢ ስላልመሰለኝ የጋራ ጠባያቸውን ብቻ ልናገር። አብዛኞቹ የትውልድ ቆጠራ፣ የጀግኖች ዝርዝርና የቤተ ክርስቲያን ስም ስብስብ ናቸው። ምንጫቸውን አይጠቅሱም፤ የሚጋጩ ትውፊቶችን አጋጭተው አይመረምሩም። የባና ሱፍ የምትፈትለው ሴት፣ በልግ የቀረበት ገበሬ፣ ለሥራ ወደ ቆላ የወረደው ወጣት የላቸውም። የአገሩ ልጅ አገሩን ስለወደደ ብቻ አየው ማለት አይደለም።

የጓሳው ጥናት

የመጨረሻው ሥራ በመደርደሪያ ላይ የሚገኝ መጽሐፍ አይደለም። ዶክተር ዘላለም ተፈራ አሸናፊ በ2001 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዙ ኬንት ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናትና ከናይጄል ሊደር ዊልያምስ ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። ርእሱ የመንዝ ጓሳ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ገበሬው ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን የጓሳ ሣር የሚያጭድበት ውርጫማ ደጋ ነው። ጥናቱ የሚያሳየን የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ወገን የሆኑ ባለ መብቶች አባ ቄራ የሚባል አለቃ መርጠው፣ ቄሮ በተባለው ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ በአንድ ቀን ከፍተው እንዴት እንደተጠቀሙ ነው። የደፈረ ይቀጣ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም ከሥርዓቱ ጎን ትቆም ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ የርስትን መሠረት ሲያፈርስ ይህ ሥርዓት አብሮ ፈረሰ፤ ጓሳውም ላልተገደበ ግጦሽና አጨዳ ተጋለጠ። በኋላ ኅብረተሰቡ በሌላ መልክ አደራጅቶ ጥበቃውን መልሶታል።

እዚህ ላይ የሌቪን መንዜና የዘላለም መንዜ ይለያያሉ። የመጀመሪያው ለርስቱ ብቻውን የሚሟገት፣ ከጎረቤቱ ጋር መተባበር የማይሆንለት ግለኛ ነው። ሁለተኛው ያንኑ ርስት መሠረት አድርጎ፣ ራሱን በደንብ አስሮ፣ ያልታጨደ ሣር በጋራ ሲጠብቅ የኖረ ነው። ሁለቱም በአንድ አገር፣ በአንድ ዘር ቆጠራ ላይ የቆሙ ናቸው። ልዩነቱ የመጣው አንደኛው ጠባይን፣ ሌላኛው አሠራርን በመመርመሩ ነው። ጥናቱ የተጻፈው ለሥነ ምህዳር ባለሙያዎች ነው፤ ሠንጠረዡና የቀበሮ ቆጠራው ተራ አንባቢን ያደክማል። ከውስጡ ግን ስለ መንዝ ሰው ካነበብኩት ሁሉ የጠለቀ ማኅበራዊ ታሪክ ይገኛል። ጓሳን አውጥተን ሌላ ቦታ ብንተካ ከጥናቱ የሚተርፍ ነገር የለም።

ስለዚህ ከዘንድሮ ንባቤ አንዱን ምረጥ ብባል የምመርጠው የዘላለምን የጓሳ ጥናት ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የኤገን መጽሐፍና የ«ሰምና ወርቅ»ን የመጀመሪያ ክፍል አስቀምጣለሁ። የ«ሰምና ወርቅ»ን ኋለኛ ክፍል አንባቢ በጥርጣሬ ያንብበው፤ የሃሪስን ሦስት ጥራዝም ጆንስተንን ሳይዝ አይክፈት። ለአሳታሚዎችና ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የማቀርበው ጥያቄ ደግሞ ግልጽ ነው፦ የጓሳው ጥናት በአማርኛ፣ በተራ አንባቢ ቋንቋ ይዘጋጅ፤ ስለ ግሼና ስለ መርሐ ቤቴም በዚሁ መንገድ፣ ከማሳውና ከሙግቱ ተነሥቶ የሚጻፍ ሥራ ይጀመር። የርስት ሙግት ዳኛ ፊት የሰሙ ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው።